የንባብ ትምህርት፦ አዲስ አበባ ገብታችሁ አንድ ቀን ሲተርፋችሁ

ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም። ሕመምተኛ ያስታምማል፣ አቤቱታ ያቀርባል፣ ልጁን ይጠይቃል፣ ወይም እህልና ከብት ይሸጣል። ጉዳዩ ታዲያ ሁልጊዜ ባንድ ቀን አያልቅም። «ነገ ተመለሱ» ይባላል። ቢያልቅም የመመለሻው አውቶቡስ ለማግስቱ ይሆናል። ያቺን የተረፈች ቀን ብዙዎቻችን የምናሳልፋት ጥግ ይዘን፣ ኩርምት ብለን፣ ጆንያችንን እየጠበቅን ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚያች ቀን ነው።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባሁ ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም። ወጥቼ ብጠፋስ ብዬ የዘመዴ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ። ስመለስ አባቴ «እህሳ፣ ምን አየህ?» አለኝ። «መኪና» አልኩት። «ጤፍስ በስንት ይሸጣል?» አለኝ። ዝም አልኩ። አባቴ ያን ዓመት ሦስት ኩንታል ጤፍ ሸጦ ነበር። ነጋዴው «የከተማው ዋጋ ይኸው ነው» ሲለው ከማመን በቀር ምን ያድርግ?

እናንተ ግን ማንበብ ጀምራችኋል። እንግዲህ እንውጣ።

ከመውጣታችሁ በፊት

በብጣሽ ወረቀት ላይ ያሳደራችሁን ሰው ስም፣ የሰፈሩን ስምና የስልኩን ቁጥር ጻፉ። በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስም ጨምሩበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው መንገድ የሚጠይቀው በሰፈር ስም ነውና። ወረቀቷን ከገንዘባችሁ ጋር አታስቀምጧት። ገንዘቡንም ለሁለት ክፈሉት።

የሰፈር ስሞቹ እንግዳ ሊሆኑባችሁ ይችላሉ። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ሲባል የሚመዘን ነገር ያለ እንዳይመስላችሁ፤ የቦታ ስም ነው። ፒያሳና መርካቶ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፒያሳ አደባባይ፣ መርካቶ ደግሞ ገበያ ማለት ነው።

ትልልቆቹ የከተማ አውቶቡሶች ግንባራቸው ላይ ቁጥርና የሚሄዱበት ቦታ ተጽፎባቸዋል፤ አንብባችሁ ግቡ። በትንንሾቹ ታክሲዎች ግን የሚጠራው ረዳቱ ነው። አፉ ፈጣን ነው። ካልገባችሁ «ወዴት ነው ያልከው ልጄ?» ብትሉት ነውር የለውም። ለመውረድ ስትፈልጉ ጮክ ብላችሁ «ወራጅ አለ!» በሉ። ይህቺን ቃል የማያውቅ ሰው ሰፈሩን እያየ ያልፋል።

መርካቶ

ድሮ ትልቁ ገበያ ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወደ መርካቶ የተዛወረው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ለእንግዳ ሰው ትርምስ ይመስላል እንጂ ሥርዓት አለው። በተራ በተራ የተከፈለ ነው። «ተራ» ማለት አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ነው፤ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሸራ ተራ እየተባለ ይሄዳል። ምን አለሽ ተራ ሳትደርሱ እንዳትመለሱ። ሌላው የጣለው ብረት፣ በርሜልና ቆርቆሮ እዚያ እየተቀጠቀጠ ምድጃና ባልዲ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ይበሳል። ከአገራችሁ አንጥረኛ ጋር ብትሄዱ ከዚያ አይወጣላችሁም።

ዋናው ነገር ግን እህል በረንዳ ነው። እዚያ የምታዩት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የራሳችሁ ላብ በጆንያ ተደርድሮ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ግቡ። መጀመሪያ እንደ ገዢ ሆናችሁ «ማኛው በስንት ነው? ነጩስ? ሠርገኛውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥቂት ሱቅ አልፋችሁ ደግሞ እንደ ሻጭ «ጤፍ ባመጣ በስንት ትቀበሉኛላችሁ?» በሉ። ሁለቱ ዋጋ አንድ አይሆንም። ሁለቱንም ጻፉ። በኪሎ የሚሸጠው ችርቻሮ፣ በኩንታል የሚሸጠው ጅምላ መሆኑንም ለዩ።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለመልመጃ የተሰጡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። እህል በረንዳ ያለው ጅምላ ሻጭ አንዱን ኩንታል ነጭ ጤፍ በ12,000 ብር ይቀበላል እንበል። በመንደራችሁ ነጋዴው 9,800 ብር ይከፍላችኋል። ልዩነቱ 2,200 ብር ነው። ቆይ፣ ቶሎ አትቆጡ! ይህ ሁሉ የነጋዴው ትርፍ አይደለም። የመኪናው ኪራይ አለ፣ የጫኝና አውራጁ አለ፣ የደላላው አለ፣ ጆንያውም በገንዘብ ነው። ይህ ተደምሮ በኩንታል 1,300 ብር ቢሆን የሚተርፈው 900 ብር ነው። አሥር ኩንታል የሚሸጥ ሰው እንግዲህ 9,000 ብር ላይ ነው የሚከራከረው። ነጋዴውም ድካም አለበትና ሁሉንም ላይለቅላችሁ ይችላል። ግን ስንቱን እንደሚለቅ ለመነጋገር ወጪውን አንድ ባንድ መቁጠር መቻል አለባችሁ። ጎረቤታሞች ተሰብስባችሁ አንድ መኪና ብትከራዩስ ምን ይደርሳችኋል? ይህንንም በደብተራችሁ አስሉት።

ስትወጡ ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። የሚሰግድ ይስገድ፣ የሚሳለም ይሳለም። ኪሳችሁን ግን ያዝ አድርጉ።

ምሳ

የከተማ ምግብ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ጧት ጧት ፉል የሚሉት የእናንተው ባቄላ ነው፤ ተቀቅሎና ተደቁሶ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተጨምሮበት በዳቦ ይበላል። የጾም ቀን ከሆነ «በያይነቱ» በሉ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ድንቹ ባንድ እንጀራ ላይ ይቀርብላችኋል። ማኪያቶ የሚባለው ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና ነው። ጭማቂ ቤት ገብታችሁ እስፕሪስ ብትሉ ደግሞ አቦካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ባንድ ብርጭቆ ተደራርቦ ይመጣል። ወፍራም ስለሆነ በማንኪያ ይበላል። መጠጥ አዘው ማንኪያ ሲመጣላቸው የሚደነግጡ ሰዎች አይቻለሁ።

ሥጋ ቤት በር ላይ «ቁርጥ አለ» የሚል ታነባላችሁ። ይህ ጥሬ ሥጋ ነው። ልብስ መሸጫ ውስጥ ደግሞ «ዋጋው ቁርጥ ነው» ይላል። ይኸኛው «አትከራከሩ» ማለት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚፈታው የተጻፈበት ቦታ ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤት መስቀል፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት ጨረቃና ኮከብ ይሥላል፤ ምልክት ካላያችሁ ጠይቁ። ሥጋው ሲመዘን የሚዛኑን ቀስት ተመልከቱ፤ ሥጋው ሳይቀመጥበት በፊት ዜሮ ላይ መሆን አለበት።

ከበላችሁ በኋላ «ሒሳብ» ብላችሁ ደረሰኙን አንብቡ። አንዳንድ ቤት በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ካያችሁት በላይ ያስከፍላል። አትጣሉ፤ «ተ.እ.ታ.» የሚል ፈልጉ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ማለት ሲሆን ከመቶ ብር 15 ብር ነው። የ200 ብር ምግብ 230 ብር ይሆናል ማለት ነው። ዋጋው «ታክስን ጨምሮ» የሚል ከሆነ ግን እንደገና ሊጨመርባችሁ አይገባም።

ከአራት ኪሎ ወደ ላይ

ከሰዓት በኋላ ከአራት ኪሎ ተነሥታችሁ ሽቅብ በእግር ሂዱ። እናንተ ገበያ ለመውጣት ከምትሄዱት ጋር ሲተያይ መንገድ አይባልም። አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። ሙዚየም የጥንት ነገር ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። የመግቢያ ትኬት ቁረጡና ድንቅነሽን እዩ። አጥንቷ የተገኘው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በሚባል ቦታ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ግን በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ሲሆን ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል።

ስድስት ኪሎ ስትደርሱ አደባባዩ መካከል ረጅም ሐውልት ቆሟል። ዙሪያውን እየዞራችሁ የተቀረጸበትን ሥዕል አንብቡ፤ ሥዕልም ይነበባል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ወጣቶች ቦምብ ጣሉበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ፋሺስቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ያገኙትን ሰው ገደሉ፤ ቤት ከነሰዉ አቃጠሉ። ቦምቡ የተጣለበት ቤተ መንግሥት ገነተ ልዑል ይባል ነበር። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬም ተማሪዎች ሲገቡ ሲወጡ ታያላችሁ። እዚያው ውስጥ ከየብሔረሰቡ የተሰበሰበ የእጅ ሥራና የሙዚቃ መሣሪያ የሚታይበት ሙዚየም አለ። በአቅራቢያው ያለው የካቲት 12 ሆስፒታልም ስሙን ያገኘው ከዚያ ቀን ነው። ሕመምተኛ ይዛችሁ ስትመላለሱ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስንቴ አልፋችሁት ይሆን?

ጊዜ ከተረፋችሁ ፒያሳ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዩ። እንጦጦም አለ፤ ቀን ይፈልጋል እንጂ። ተራራው የለበሰው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ከተማው እንጨት አልቆበት ነበርና። ደጃችሁ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ዘመዱ ነው።

የመመለሻ ትኬት

ትኬቱን ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። የምትሄዱበት ከተማ፣ ቀኑ፣ የወንበሩ ቁጥርና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማለዳ 12 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 6:00 ተብሎ ይጻፋል። 6:00 የሚለውን አይቶ «ቀትር ላይ ነው» ብሎ ቡና ሲጠጣ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ከመንደራችን ውስጥ አለ። ስሙን አልነግራችሁም። ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጅ ከሆነ ከእኛው በ7 ወይም በ8 ይበልጣል።

መልመጃ። ሀ) ትኬት ላይ 5:30 የሚል የፈረንጅ ሰዓት ብታዩ በእኛ ሌሊት ስንት ሰዓት ነው? ለ) ደረሰኝ ላይ የምግቡ ዋጋ 340 ብር ቢሆን ተ.እ.ታ. ስንት ነው? ሐ) ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ሆ/ል የሚሉትን ሳታሳጥሩ ጻፉ። መ) ባለፈው ገበያ አንድ ኩንታል እህል በስንት ሸጣችሁ? ከጎኑ ባዶ ቦታ ተዉና እህል በረንዳ ስትደርሱ ሙሉት።