ስለ አንጀት ጡንቻና ስለ መድኃኒት ተቀባዮች

የሰውም የእንስሳም አንጀት ጡንቻ አለው፤ ጡንቻውም እየተኰማተረና እየላላ ምግብን ወደ ፊት ይገፋል። ነገር ግን በእንስሳ የታየው የመድኃኒት ሥራ በሰውም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ለመፍረድ የአንጀት መመሳሰል ብቻ አይበቃም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ ሩዶልፍ ማግኑስ የተባለው ሊቅ፣ ከአጥቢ እንስሳ የተቈረጠ ቀጭን አንጀት ኦክስጅን በሚገባበት ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ለብዙ ሰዓት ሲንቀሳቀስ እንደሚቈይ አሳየ። ስለዚህ የልዩ ልዩ እንስሳትን አንጀት በመድኃኒት ፈትኖ ማነጻጸር ተቻለ። በ1905 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ላንግሊ መድኃኒት የሚሠራው በሕዋስ ላይ ካለ ተቀባይ ነገር ጋራ ሲገናኝ እንደ ሆነ አስረዳ። ተቀባዩ እንደ ጓጕንቸር፣ መድኃኒቱም እንደ ቍልፍ ነው።

ለዚህ ሁለት ምሳሌ ይበቃል። አንደኛው በአስተናግር፣ ማለት በዐጤ ፋሪስ ውስጥ የሚገኘው አትሮፒን ነው። አትሮፒን ጓጕንቸሩን ሳይከፍት በውስጡ ተሰንቅሮ የሚቀር ቍልፍ ነው፤ ስለዚህ አንጀትን የሚያኰማትረው አሴቲልኮሊን የተባለው የሰውነት ቅመም መግቢያ ያጣል። ይህ ተቀባይ በሰውም በጥንቸልም አንጀት አለ። ሆኖም አንዳንድ ጥንቸሎች በደማቸው ውስጥ አትሮፒንን የሚያፈርስ ነገር ስላላቸው፣ አትሮፒን ያለበትን ቅጠል በልተው ጕዳት ሳያገኛቸው ይቀራሉ። ልዩነቱ በደሙ እንጂ በተቀባዩ አይደለም።

ሁለተኛው በጾም ጊዜ ሆድን የሚያንቀሳቅሰው ሞቲሊን ነው። ጀርምን ለማጥፋት የሚሰጠው ኤሪትሮማይሲን በሞቲሊን ተቀባይ ላይም ስለሚሠራ የሰውን ሆድ ሊቈርጥ ይችላል። ይህ ተቀባይ በጥንቸልም አለ፤ በአይጥ ግን ፈጽሞ አይገኝም። እንግዲህ በአይጥ ብቻ የፈተነ ሰው በዚህ ነገር ይሳሳታል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለመንደርም ይጠቅማል። ፍየል የበላችው ቅጠል ለሕፃን አይጐዳም ማለት አደገኛ ፍርድ ነው። መምህራን ይህን ለተማሪዎች ያስረዱ፤ ሽማግሌዎችም ቤተ ሰብን ይምከሩ። አስተናግር የበላ ሰው አፉ ቢደርቅ፣ የዓይኑ ብሌን ቢሰፋ፣ ቢቃዥም፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።