የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ተጠያቂነቱ ለማን ነው?
ከሐይቅና ከአምባሰል አካባቢ ለነጋዴው የሚሆን ትምህርት

ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ነጋዴ ሐይቅ ከተማን ካለፈ በኋላ ውጫሌን ያገኛል። በዚሁ በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የተፈረመው የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው “ቢፈልጉ” የሚል ሐሳብ ሲይዝ፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር። የዚያ ልዩነት ሒሳብ የተወራረደው ዓድዋ ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የልማት ፕሮጀክትም ውል እንደዚሁ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቋንቋ ነው የሚጻፈው። ለለጋሹ የቀረበው ሰነድ በእንግሊዝኛ ነው። ከክልሉ ቢሮና ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር የሚፈረመው በአማርኛ ነው። ገበሬው ደግሞ ሁለቱንም አላነበበም፤ የሚያስታውሰው በስብሰባ የተነገረውን ብቻ ነው። እንግዲህ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ የሚባለው ሰው የመጀመሪያ ኃላፊነት ሦስቱ ወገኖች አንድ ነገር መስማማታቸውን ማረጋገጥ ነው። በጀት፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ ሠራተኛ መቅጠር፣ ሪፖርት መጻፍ የሚባሉት ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ይህ ጉዳይ በገበያ ገጽ ላይ ለምን ይወጣል የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው፤ ፕሮጀክት ገዢ ነው። ሲሚንቶ፣ ቧንቧ፣ ምርጥ ዘር፣ እህልና ዘይት ይገዛል፣ መኪና ይከራያል። የገዢውን ሥልጣንና ግዴታ ያላወቀ ሻጭ ደግሞ ዕቃውን በሜዳ ላይ ያፈሰሰ ያህል ነው።

ለጋሾች ፕሮጀክትን የሚለኩበት ሎግፍሬም የተባለው ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ለዩኤስኤአይዲ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አራት ዓምዶች አሉት። ዓላማውና ተግባሩ፣ መለኪያው፣ ማረጋገጫው፣ በመጨረሻም “ታሳቢዎች” የሚባለው። ብዙ ሥራ አስኪያጆች ሦስቱን ዓምዶች በጥንቃቄ ሞልተው አራተኛውን “ዝናብ ከዘነበ፣ ሰላም ከሆነ” በሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ይዘጉታል። የእህል ዋጋ የተቀመጠው ግን እዚያው አራተኛው ዓምድ ውስጥ ነው!

ለዚህ በደቡብ ወሎም ሆነ በሌሎች የእህል እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች የታየውን የሴፍቲኔት ፕሮግራም እንመልከት። በ1997 ዓ.ም በመንግሥትና በለጋሾች የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በእርከንና በመንገድ ሥራ ለተሰማራ ሰው በቀን 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ይከፍል ነበር። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ እንግዲህ በወር 75 ኪሎ እህል ወይም 150 ብር ያገኛል ማለት ነው። ሒሳቡ የቆመው ኩንታል እህል 200 ብር ነው በሚል ታሳቢ ላይ ነበር። በ2000 ዓ.ም የእህል ዋጋ ሲተኮስ የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ። ይሁን እንጂ 8 ብር ሦስት ኪሎ እንዲገዛ ኩንታሉ ከ266 ብር መብለጥ አልነበረበትም፤ ገበያው ደግሞ ይህን ዋጋ ጥሎት ሄዶ ነበር። በዚያ ወቅት በርካታ ተጠቃሚዎች ጥሬ ገንዘቡን ትተው እህሉን መምረጣቸው አያስደንቅም። ገበሬው የዋጋ ንረትን ለመረዳት የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ የሥራ አስኪያጁ ኃላፊነት ምንድን ነው? ዋጋ መወሰን አይችልም፣ የቀን ክፍያውንም ብቻውን አይቀይርም። የሐሙሱን ወይም የቅዳሜውን ገበያ ዋጋ ግን በየሳምንቱ መመዝገብና ታሳቢው መፍረሱን ለበላዮቹ በጽሑፍ ማሳወቅ የእርሱ ሥራ ነው። ክፍያን በወቅቱ ማድረስም እንዲሁ። ክፍያ በዘገየ ቁጥር ተጠቃሚው ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳልና የፕሮጀክቱን መዘግየት ወለድ ሳያገኝ የሚሸከመው የከተማው ባለሱቅ ነው። በሌላ በኩል የእርዳታ እህል በአጨዳ ወራት ከተራገፈ ዋጋ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ሻጩ ገበሬና መጋዘን የሞላው ነጋዴ ነው።

ወደ ሐይቁ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ወደዚህ ሐይቅ እንዲገባ ተደረገ። ምግብና ገቢ አስገኝቷል፤ ዓሣው ዛሬም ይሸጣል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የተጠኑ ጥናቶች ቀድሞ ጥርት ያለ የነበረው ውሃ መደፍረሱንና የውሃው ሕይወት መለወጡን አሳይተዋል። መረብ ቁጥጥር ካልተደረገበትም ትልቁ ዓሣ አልቆ ትንሹ ብቻ ይቀራል። ዓሣ መጨመር ፕሮጀክት ነው፤ ቀን አለው፣ በጀት አለው፣ ያልቃል። ሐይቁን መጠበቅ ግን አያልቅም። ከኮምቦልቻ በታች የተሠራው የቦርከና ግድብ ከዚህ የባሰ ነው፤ አገልግሎት ሳይጀምር በደለል ተሞላ። ኮንክሪቱን የሚቆጣጠር ሰው ነበረ፤ ከላይ ያለው ተራራ ግን በማን የሥራ ዝርዝር ውስጥ እንደነበር መጠየቅ ይገባል።

ርክክብን በተመለከተ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ከብዙ ድርጅቶች ይሻላሉ ብል ማጋነን አይሆንም። በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ከተጻፈው የገዳሙ ወንጌል ውስጥ የመጻሕፍትና የንብረት ዝርዝር ይገኛል። በአንጻሩ ስንት ፕሮጀክት ነው ጄኔሬተሩ የት እንደገባ ሳይታወቅ የተዘጋው!

ስለ ግዥ ጥቂት እንበል። ሥራ አስኪያጅ የመፈረም ሥልጣኑ የገንዘብ ጣሪያ አለው። ለአነስተኛ ግዥ የተለመደው ሦስት ፕሮፎርማ ሲሆን፣ ከጣሪያው በላይ ጨረታ ይወጣል፣ የጨረታ ማስከበሪያና የአፈጻጸም ዋስትና ይጠየቃል። ገዢው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከሆነ ዕቃው ገቢ ሆኖ ሞዴል 19 እስካልተቆረጠ ድረስ ክፍያ አይታሰብም። “አስኪያጁ በቃል አዞኛል” የሚል ነጋዴ ኦዲተር ፊት ምንም የለውም።

ገዢው ራሱ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ ይካሄድ የነበረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጉድጓድ ማሠሪያ ገንዘቡን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለመንደር የውሃ ኮሚቴዎች መስጠት ጀመረ። ሲሚንቶውን የሚገዙት፣ ከግንበኛው ጋር የሚዋዋሉት እነርሱ ሆኑ። የሥራ አስኪያጁ ድርሻ ማሠልጠንና መቆጣጠር ሆነ። ለአቅራቢው ይህ ትልቅ ልዩነት አለው፤ የሚደራደረው ቢሮ ካለው ሰው ጋር መሆኑ ቀርቶ ብረቱን በእጃቸው መዝነው ከሚገዙ ገበሬዎች ጋር ነውና።

የዘመን መቁጠሪያም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ የአሜሪካኖቹ በፈረንጅ መስከረም መጨረሻ ላይ ያበቃል፤ ሌሎች ለጋሾች በፈረንጅ ታኅሣሥ ይዘጋሉ። ክረምቱ ለአንዱም አይታዘዝም። ስለሆነም ግንቦትና ሰኔ ላይ የግዥ ጥድፊያ ይበዛል። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት በቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት ይባሉ ነበር፤ ማዕረጉ ለፕሮጀክት ሰዎች ቢሰጥ የሚስማማ ይመስለኛል።

ታሳቢ መፍረስ ምን ማለት እንደሆነ የቅርቡ ምሳሌ የአሜሪካ እርዳታ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ልማት እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም አዘዙ። የሥራ ማቆሚያ ደብዳቤዎች በቀናት ውስጥ ተከተሉ። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም ዩኤስኤአይዲ እርዳታ ማካሄዱን አቆመ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ በዕለቱ አዲስ ግዴታ ከመግባት መታቀብ፣ የተረከበውንና ገና ያልተረከበውን ለይቶ መመዝገብ፣ ለአቅራቢዎች በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ ለፕሮጀክት ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ውሉ የሚያበቃው መቼ ነው? ለጋሹ ቢያቋርጥ በመንገድ ላይ ያለው ዕቃ የማን ነው? የቀረበው ዕቃ በስንት ቀን ይከፈላል? መልሱ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ቅጂ አንድ መሆኑን አይቶ ይፈርም።