የማይሰማው ድምፅና የሰርኪዩት ሰሌዳ

እንደሚታወቀው የድሬዳዋ አቧራ፣ ሙቀትና ላብ ለተንቀሳቃሽ ስልክ አይመቹም። ለጥገና የሚቀርብ ስልክ ሲከፈት የሰርኪዩት ሰሌዳው፣ ጠጋኞች «ቦርድ» የሚሉት፣ ቆሽሾና ዝጎ ሊገኝ ይችላል። ለጽዳቱ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ አልትራሶኒክ ማጽጃ ነው። አሠራሩን ስንረዳ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣም እንረዳለን።

በማጽጃው ገንዳ ሥር የተገጠመው ፒዞኤሌክትሪክ ሴራሚክ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 40,000 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህም 40 ኪሎ ኸርዝ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አይሰማም። በፈሳሹ ውስጥ ግፊቱ ሲቀንስ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ በድንገት ይፈርሳሉ። ክስተቱ ካቪቴሽን ይባላል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ የአረፋን መፍረስ በሒሳብ የተነተነው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። አረፋው ሲፈርስ የሚፈጥረው ምት እድፉን ይነቅላል። በገንዳው ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ለጥቂት ደቂቃዎች ብናንጠለጥል ተበሳስቶ እናገኘዋለን። ወረቀቱን የበሳው ምት ሰሌዳውንም ይመታል፤ እድፍንና የሰሌዳውን አካላት አይለይም። ከዚህ በመነሣት ሦስት አደጋዎችን እንመልከት።

አንደኛው ሬዞናንስ ነው። በብዙ ስልኮች ሰዓት የሚቆጥረው የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ከማጽጃው ድግግሞሽ እጅግ የራቀ ባለመሆኑ ክሪስታሉ ከልክ በላይ ተርገብግቦ ሊሰነጠቅ ይችላል። ማይክሮፎንና ጋይሮስኮፕም በውስጣቸው ረቂቅ ተንቀሳቃሽ ክፍል ስላላቸው ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው።

ሁለተኛው የተደበቀ እርጥበት ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ የሰሌዳውን ገጽ ፈጥና ብታደርቅም ከቺፕ ሥር የሰረገው ፈሳሽ ይቆያል። ሰሌዳው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሾርት ይፈጠራል፤ ውሎ አድሮም ብረቱ ይዝጋል።

ሦስተኛውና ለሕይወት የሚያሰጋው እሳት ነው። ቤንዚን ወይም ቲነር በገንዳው ውስጥ ሲጨመር ንዝረቱ ፈሳሹን ያሞቀዋል፤ ትነቱም በትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ተቀጣጣይ ፈሳሽ በገንዳው ውስጥ ፈጽሞ ሊጨመር አይገባም።

እንግዲህ ከጽዳት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ያህል ቆሽሿል?» ብቻ ሳይሆን «በላዩ ላይ ምን ተገጥሟል?» የሚለው ነው። ባትሪ፣ ካሜራና ድምፅ ማጉያ አስቀድመው ይነቀሉ። ክሪስታልና ሴንሰር ያለበት ሰሌዳ ከእሳት ርቆ በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል ቢጸዳ ይመረጣል። ስልኩ ለባለቤቱ መነገጃው፣ ገንዘብ መላኪያውና የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ማኅደር ነውና፣ ጥቂት ደቂቃ ለመቆጠብ ሲባል ለአደጋ ሊጋለጥ አይገባም።