በፈቃድ የሚሰበሰብ ጉባኤ እንዴት ይመራል?

ሰዎች የሚሰበሰቡት ታዝዘው ወይም ወደው ነው። ታዝዞ የመጣ ሰው ቢሰለቸውም ይቀመጣል፤ ባይስማማም እጁን ያወጣል። ወዶ የመጣ ግን ሲከፋው ካፖርቱን አንሥቶ ይሄዳል፤ የሚያስቀረው ደመወዝም ሆነ ዘበኛ የለም። በጋሉስ ከቅዳሴ በኋላ ወንበር አሰባስበን የምንቀመጥባቸው ጉባኤያት ሁሉ፣ የሰበካው ይሁን የጽዋው፣ የእድሩ ይሁን የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። እንዲህ ያለውን ጉባኤ መምራት የራሱ ሥርዓት ያለው አገልግሎት ስለ ሆነ፣ የዚህን እትም ትምህርት ለእርሱ ሰጥተነዋል።

አስቀድመን ልብ ልንል የሚገባን፣ ብዙዎቻችን ስለ ስብሰባ ያለን ልማድ የተቀረጸው ታዝዘን በተቀመጥንባቸው ቦታዎች መሆኑን ነው። በአባቶቻችን ዘመን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ሲጠራ የአገሩ ሰው ወጥቶ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይቆይ ነበር፤ የቀረም ይቀጣ ነበር። እኛ ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎችን ካቋቋመ ወዲህ፣ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ሳይቀር ወደ አዳራሽ እየተጠራን አደግን። በዚያ አዳራሽ ውሳኔው ከስብሰባው በፊት ያለቀ ነበር፤ ዝም ያለ ይጠረጠራል፣ የተናገረም ይመዘገባል። ከዚያ ያደገ ሰው ሁለት ልማድ ይዞ ይወጣል። አንደኛው በጉባኤው መካከል አንገትን ደፍቶ ቆይቶ በደጅ ማጉረምረም ነው። ሁለተኛው ሰብሳቢነት በደረሰ ጊዜ በልጅነት የታየውን ሰብሳቢ መምሰል ነው። ሁለቱንም ልማዶች በስደት አገርም ይዘናቸው ኖረናል።

ይሁን እንጂ ከዚህ የቀደመና የተሻለ ትምህርት ቤት አለን፤ እርሱም የጽዋ ማኅበር ነው። ማኅበርተኞች በእመቤታችን ወይም በአንድ ጻድቅ ስም ተስማምተው፣ ብዙ ጊዜም በዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ቁጥር ሆነው፣ በየወሩ በተራ ከቤት ወደ ቤት ይሰበሰባሉ። ተሰብሰቡ ብሎ አዋጅ ያወጣባቸው የለም። መሪያቸው ሙሴ ይባላል። የሙሴውን ሥራ ብንመረምረው እንዲህ ሆኖ እናገኘዋለን፦ ተራ ይጠብቃል፤ የዘገየውን በደንቡ ይቀጣል፤ የታመመውን ያስጠይቃል፤ የተጣሉትን ያስታርቃል፣ ተቀያይሞ ከአንድ ጽዋ መጠጣት አይገባምና። ቤቱ ግን የተረኛው ነው፤ ዳቦውና ጠላውም የተረኛው ነው። ሙሴው በሰው ቤት ተቀምጦ፣ በሌላ ሰው ድግስ ላይ ሥርዓት የሚያስከብር እንግዳ በመሆኑ፣ ማኅበሩን የግል ንብረቱ አድርጎ ይቈጥር ዘንድ አይመቸውም። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ቤቱ ይለወጣል። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ሲሠሩ ሥልጣን በአንድ ወንበር እንዳይረጋ አስበውበት ይሁን ወይም የድግሱ ሸክም በአንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ብለው፣ ፍሬው አንድ ነው። ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው እድር፣ ዕጣውንም በሰው ሁሉ ፊት የሚያወጣው ዕቁብ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጠባይ አላቸው።

የውጭው ዓለም ሊቃውንት ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ያረፈው አሜሪካዊው የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሃሪሰን ኦወን በ1983 እ.ኤ.አ. 250 ሰዎች የሚገኙበትን ታላቅ ጉባኤ ዓመት ሙሉ ሲያሰናዳ ከቆየ በኋላ፣ ተሰብሳቢዎቹ ከሁሉ ይልቅ ያመሰገኑት የቡናውን ዕረፍት ሆኖ አገኘው። (ቡና አፍልቶ ጎረቤት የሚጠራ ኢትዮጵያዊ በዚህ እምብዛም አይደነቅም።) ይህ ሰው ቀደም ብሎ በላይቤሪያ በአንድ መንደር፣ ብዙ መቶ ሰዎች ያሉበት የቀናት በዓል የሚታይ አዘጋጅ ኮሚቴ ሳይኖረው በሥርዓት ሲከናወን ተመልክቶ ነበር። ስለዚህም ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንበሮች በክብ የሚደረደሩበት፣ ግድግዳው ባዶ የሚተውበት፣ ጉዳይ ያለው ሁሉ ጉዳዩን በወረቀት ጽፎ የሚለጥፍበትና ፈቃደኞችን ይዞ የሚወያይበት የስብሰባ ሥርዓት አስተዋወቀ። የሥርዓቱ መመሪያዎች በአጭሩ ሲገለጹ፣ የመጣው ሰው ለጉዳዩ የሚበቃው ሰው ነው፤ በሆነው ላይ እንጂ በሊሆን ይችል ነበር ላይ አይቆዘምም፤ ነገር የሚጀመረው ሲበስል ነው፤ ካለቀም አልቋል የሚሉ ናቸው። በእነዚህ ላይ አንድ ሕግ ተጨምሮባቸዋል፤ ይኸውም በተቀመጠበት ክብ የማይማርና የማይጠቅም ሰው በሁለት እግሩ ተነሥቶ ወደሚጠቅምበት ይሂድ የሚለው ነው።

ከእነዚህ የመጀመሪያውን ያለ ማመንታት እንቀበለዋለን። ሃምሳ ሰው ተጠርቶ ዐሥራ አንድ ሲመጣ፣ ሰብሳቢው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ቀሩት ሰዎች ስንፍና የመጡትን ሲገሥጽ የማናውቅ ማን አለን? ዐሥራ አንዱ ግን የመጡት ጉዳዩ ስለ ገደዳቸው ነውና፣ ሊመሰገኑና ወደ ሥራው ሊገቡ ይገባል። ስለ ሁለት እግር የተሰጠውን ሕግ ግን እንዳለ ልንቀበለው አንችልም። ኦወን እግርን የፈቀደው በአንድ ጣሪያ ሥር ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ለመዛወር ነው። የስደተኛ ምእመን እግር ግን ከአዳራሹ ከወጣ፣ በትራም ሁለት ፌርማታ ርቆ ሌላ አዳራሽ ሊከራይ ይችላል። ከ1984 ዓ.ም. እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ ድረስ ሲኖዶሱ በአገር ቤትና በስደት ተለይቶ በኖረበት ዘመን፣ በባሕር ማዶ ያሉ አጥቢያዎች ሦስት ወገን ሆነው ማየታችን የቅርብ ትዝታ ነው፤ አንዱ የአገር ቤቱን፣ ሌላው የስደቱን ይከተል ነበር፣ ከሁለቱም አይደለሁም የሚልም ነበር። የመለያየቱ ምክንያት ከላይ ቢሆንም፣ በየከተማው በር ተዘግቶ ሰው የተለያየው እንደኛው ባሉ አዳራሾች፣ ከቅዳሴ በኋላ በተደረጉ ስብሰባዎች ነው። ከአባቶች እርቅ በኋላም ሁሉም ወደ አንድ አዳራሽ አልተመለሰም። እንግዲህ የሰብሳቢ ሥራ ሁሉ የሚመዘነው፣ ቅር ያለው ሰው እግሩን ሳያነሣ ቃሉን የሚናገርበት ቦታ በማግኘቱና ባለማግኘቱ ነው ብለን እናምናለን።

ይህም ሥራ ከስብሰባው ቀን ይቀድማል። የሚነጋገሩበት ጉዳይ ምን እንደ ሆነ ያልተነገረው ሰው ድንገት ውሳኔ ቢቀርብለት የሚሰማው መታለል ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. የጸናው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት የደነገገውን ብንመለከት፣ ይህንኑ ጠንቅቆ አስቦበታል። ማኅበር ለመመዝገብ ሰባት አባላት ይበቃሉ፤ ነገር ግን የማኅበሩ ደንብ ሌላ ካላለ በጥሪው ላይ ባልተገለጸ ጉዳይ የሚሰጥ ውሳኔ አይጸናም። ደንቡ ሌላ መጠን ካልወሰነ ከዐሥር አባላት አንዱ እጅ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ቢጠይቅ፣ አመራሩ ስብሰባውን መጥራት ግዴታው ነው። ማኅበሩ ከአንድ አባል ጋር ውል ሊዋዋል ሲወስን ደግሞ ያ አባል ድምፅ አይሰጥም። ይህን የመጨረሻውን ድንጋጌ በኪራይና በግዢ ጉዳይ ላይ አጥብቀን ብንይዘው ከብዙ ሐሜት ይጠብቀናል። ከመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህም ሕጉ አባላት ከሩቅ ሆነው በመገናኛ መሣሪያ እንዲሳተፉ ስለ ፈቀደ፣ ከጊሰን ወይም ከዳርምሽታት መምጣት የማይችሉ አረጋውያን የሚታሰቡበት መንገድ አለ።

በስብሰባው ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው የንግግር ተራ ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅን ማስቀደም የታረመ ጠባይ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ የሚናገረው አባት ወይም ባለ ማዕርግ ይሆናል፤ እርሱ ከተናገረ በኋላ ግን ታናሹ ያለው አማራጭ ማጽደቅ ወይም ዝምታ ነው። ታላቅን ማክበርና ታላቅን ማስቀደም ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ የቀድሞው ሸንጎ ያስተምረናል። በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. በጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ በንጉሡ ሸንጎ ሐሳብ የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ የንጉሡም ቃል በመጨረሻ በቃለ ዐፄ አፍ ይነገር ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 በኢየሩሳሌም ስለ ተደረገው ጉባኤ የተጻፈውንም ብናነብ፣ ብዙ ክርክር ከሆነ በኋላ ጴጥሮስ ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ያዩትን ሲተርኩ ሕዝቡ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማ፤ ነገሩን የቋጨው ያዕቆብ የተናገረው ከሁሉም በኋላ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በክብ ሲዞር ከወጣቶች ቢጀምርና በካህናት ቢፈጸም፣ አባቶች ይከበሩበታል እንጂ አይናቁበትም። ሁለተኛ ጊዜ ሊናገር የሚሻውም፣ አንድ ጊዜ ያልተናገረ ሰው እስካለ ድረስ ይታገሥ። ወጥ ቤት ውስጥ ሆነው ዳቦ የሚቈርሱት እናቶችና እኅቶች ተጠርተው ሳይቀመጡ ውይይት መጀመር ልማድ ሆኖብናል፤ ይህ ነውር ነው ብለን በግልጽ እንጽፋለን። ሰብሳቢው ራሱ በጉዳዩ ላይ ብርቱ ሐሳብ ካለው ደግሞ፣ ወንበሩን ለሌላ ሰጥቶ ከተሰብሳቢዎች መካከል ተቀምጦ ይናገር።

ስለ ልጆቻችን አንድ ነገር እንጨምር። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ በሰበካ ጉባኤ ውስጥ ለካህናት፣ ለምእመናንና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቦታ ሰጥቷል። እኛም ወጣቶቹን እንመርጣለን፤ ነገር ግን ስብሰባውን እነርሱ በግማሽ ብቻ በሚሰሙት አማርኛ አካሂደን፣ ለምን አትናገሩም እንላቸዋለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተነሣው ማጉረምረም በሌላ ቋንቋ ከሚናገሩት ወገኖች እንደ ነበረ፣ የእነርሱም መበለቶች በየዕለቱ እደላ ቸል እንደ ተባሉ እናስታውስ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን አልገሠጹም፤ ሕዝቡን ጠርተው ሰባት ሰዎች ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ፤ የተመረጡትም ሰባት የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። ማስተርጐም ጊዜ ይወስዳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይወስዳል። በዚሁ በጋሉስ፣ በፍራንክን አሌ ባለው አዳራሽ ከሚያዝያ 1964 እስከ ነሐሴ 1965 እ.ኤ.አ. የአውሽቪትስ ችሎት ሲቀመጥ፣ ከፖላንድና ከሌሎች አገሮች የመጡ ምስክሮች ቃል በአስተርጓሚ ተሰምቷል፤ የእነርሱ ቃል ሳይሰማ ፍርድ መስጠት አይቻልም ነበርና። የእኛ ጉዳይ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ሆኖም አንድ ወጣት በጀርመንኛ የተናገረውን ሌላው በአማርኛ ቢደግመው፣ ዐሥር ደቂቃ ቢጨምርብን ነው።

ውሳኔን በተመለከተ፣ በድምፅ ብልጫ ማለቅ ያለበት ነገር አለ፤ የገንዘብ ያዥ ምርጫና የዓመቱ ሒሳብ የዚህ ዓይነት ናቸው። አጥቢያውን ሊከፍል የሚችል ጉዳይ ግን ሃያ ለዐሥራ ስምንት ሆኖ ጸደቀ ቢባል፣ ዐሥራ ስምንቱ በሚቀጥለው እሑድ የት ይሆናሉ? እንዲህ ያለው ጉዳይ ለአንድ ወር ቢያድር፣ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሽማግሌዎች ተመርጠው ቢነጋገሩበት የተሻለ ነው። አዳራሹ የሚዘጋበት ሰዓት ደርሶ ሰው ካፖርቱን እየለበሰ እጅ አውጡ ማለት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ከመበተን በፊት ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን በጉባኤው ፊት ያንብብ፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው ተለይቶ ይጻፍ፤ ያልተስማማውም ሰው ከፈለገ አለመስማማቱ በስሙ ይመዝገብለት። በጽዋ ማኅበር ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ እንደሚሰጥ፣ የሚቀጥለውም ስብሰባ ሰብሳቢ እዚያው ይሰየም። ያላለቀው ጉዳይ በሚቀጥለው ጥሪ ላይ በመጀመሪያው ተራ ይጻፍ።