ሥራን ለሁሉም ዓይን ማሳየት

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሕንፃ ሥራ መጻፋችን የምሕንድስና ጓደኞቻችንን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ሕንፃ የሚቆመው በሲሚንቶና በብረት ብቻ ሳይሆን በመግባባትም ጭምር ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ እኛንም ይመለከተናል።

ሥራን በሚታይ ምልክት መምራት ማለት፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራውና ምን እንደ ጎደለ ማንኛውም ሠራተኛ ሳይጠይቅ አይቶ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። አሳቡ ለድሬዳዋ ባዕድ አይደለም። ከተማችን የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። የባቡር ሰዎች ደግሞ ጉዞን በሥዕል መምራት የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ይኸውም በአንድ ወረቀት ላይ ሰዓቱን በአግድም፣ ጣቢያዎቹን በቁም አስፍረው እያንዳንዱን ባቡር በአንድ ሰያፍ መሥመር ያመለክታሉ። ሁለት መሥመሮች በተቋረጡበት ላይ ባቡሮቹ ይገናኛሉ ማለት ነው። ሐዲዱ ነጠላ ከሆነ መገናኛው ጣቢያ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ግን ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት በወረቀቱ ላይ ይታያል።

ወደ ሕንፃ ሥራ ስንመጣ፣ አሜሪካውያኑ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሀውል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ያስፋፉት ዘዴ አለ። በዚህ ዘዴ ሳምንታዊውን ዕቅድ የሚያወጡት ሥራውን ራሳቸው የሚመሩት አለቆች ናቸው። በሳምንቱ መጨረሻ የተፈጸመው ይቈጠራል፤ ከ10 ተስፋ 7ቱ ከተፈጸመ 70 በመቶ ተብሎ ይጻፍና የቀሩት ስለ ምን እንደ ቀሩ ይጠየቃል። የሚፈለገው ምክንያቱ እንጂ የሚወቀስ ሰው አይደለም።

ዛሬ ይህ ሰሌዳ ወደ ስልክና ወደ ታብሌት ተዛውሯል። መሐንዲሱ አዲስ አበባ ተቀምጦ ያረመው ፕላን በዚያው ሰዓት ድሬዳዋ ይደርሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጉድለቱስ?

በከተማችን አንድ ሕንፃ ሲሠራ ተመልክተን ነበር። የፍሳሽ ቱቦ ማለፊያው ቦታ መለወጡ በፎርማኑ ስልክ ላይ ተጽፏል። ፌሮ የሚያስሩት ሠራተኞች ግን በእጃቸው የነበረው የቀድሞው ወረቀት ነው። ሶሌታው በአርማታ ተሞላ፤ በማግሥቱም በመዶሻ ተፈለፈለ። የተቈጡት በቀን ሠራተኞቹ ላይ ነበር፤ የአንድ ቀን ደመወዛቸውም ተቈረጠ። እነርሱ ግን ያላዩትን እንዴት ሊጠብቁ ይችሉ ኖሯል?

ስለዚህ መሣሪያውን ለሚያስገቡ ሁሉ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ በስልክ ያለው ሁሉ በየማለዳው ሠራተኛው በሚገባበት በር አጠገብ በጥላ ሥር ይሰቀል። በድሬዳዋ ፀሐይ የስልክ መስተዋት አይነበብም፤ መብራት ሲጠፋም ወረቀት አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ሰሌዳው በቀለምና በሥዕል ይናገር። በአንድ ሕንፃ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ተናጋሪዎች አብረው ይሠራሉ፤ ፊደላቸውም አንድ አይደለም፤ ማንበብ ያልተማረም አለ። የተሟላው አረንጓዴ፣ የጎደለው ቀይ ቢሆን ግን ሁሉም ይረዳዋል።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛው ራሱ ቀዩን ምልክት የማድረግ መብት ይኑረው። «ብረት አልደረሰም» ያለ ሰው የሚቀጣ ከሆነ፣ ሰሌዳው ሁልጊዜ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴነቱም ሐሰት ነው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ዕውቀትም በአንድ አለቃ ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ ሸክም ነው። የነገዎቹ መሐንዲሶች ጓደኞቻችን ሆይ፣ አዲሱን መሣሪያ ስትገዙ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ አርማታውን የሚሸከመው ሰው ያየዋልን?