በኪቦርድ የቀዳነውን ሚዲ ማረም

ኪቦርድ ላይ መቅጃውን ተጭነን ስንጫወት መሣሪያው የሚይዘው ድምፅ አይደለም። የሚይዘው ጣታችን የሠራውን ነው፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል ተመታ፣ መቼስ ተለቀቀ። ድምፁን የሚያወጣው በኋላ፣ መልሰን ስናጫውተው፣ ከዚህ መዝገብ እያነበበ ነው። ይህን ያልጨበጠ ተማሪ አንዲት ኖታ ስትበላሽበት ዘፈኑን ከመጀመሪያው ይቀዳል። የጨበጠው ያቺን ኖታ ብቻ ፈልጎ ያቃናታል። የማረሙ ሥርዓት ሁሉ ከዚህ መሠረት ስለሚወጣ ወደ አዝራሮቹ ለመድረስ አንቸኩል።

ሚዲ በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የመሣሪያዎች መግባቢያ ነው። ዓላማውም አንድ ኩባንያ የሠራው ኪቦርድ ሌላ ኩባንያ የሠራውን እንዲያዝ ነበር። ትእዛዝ አጭር መሆን ስላለበት ሁሉም ነገር በቁጥር ተቀመጠ፤ ቻናሎቹ 16 ናቸው፣ ቁልፎቹ ከ0 እስከ 127 ተቆጥረዋል። መካከለኛውን ዶ ያማሃ «ሲ3»፣ ሮላንድ «ሲ4» ብለው ቢጽፉትም ቁጥሩ በሁለቱም 60 ነው። በቁጥር መሄድን ልመዱ።

እንግዲህ ከዶ የተነሣ ትዝታ ሜጀር ቀድተናል እንበል። ኖታዎቹ 60፣ 62፣ 64፣ 67 እና 69 ናቸው። መሐል ላይ ጣት ስታ 65ን ነክታለች። መዝገቡን በተራ የሚያሳየውን የኢቨንት ዝርዝር ከፍታችሁ ወደ ባሩና ወደ ምቱ ውረዱ፤ 65 የሚለውን 64 አድርጉት። ኖታዋ የገባችበት ጊዜ፣ ርዝመቷና ኃይሏ እንዳሉ ይቀራሉ። በዚሁ መንገድ 64ቱን ሁሉ ወደ 63፣ 69ኙን ሁሉ ወደ 68 ብታወርዱ ትዝታው ማይነር ይሆናል። ይቻላል ማለት ግን ያምራል ማለት አይደለም። ተጫዋቹ ማይነር መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ዜማውን በሌላ መንገድ ይዞረው ነበርና እንዲህ ያለውን ለውጥ እኔ ለሙከራ እንጂ ለመጨረሻው ቅጂ አልመክርም።

የምቱ ኃይል፣ ቬሎሲቲ የምንለው፣ ከ1 እስከ 127 ይሄዳል። ዜሮ ከሆነ ቁልፉ እንደተለቀቀ ይቆጠራል። በ80ዎቹ መካከል አንዲት 118 ብቻዋን ከጮኸች ወደ 88 ገደማ አውርዷት። ሁሉንም አንድ ቁጥር ላይ ማሰለፍ ግን ጨዋታውን ይገድለዋል። በፒያኖ ድምፅ ላይ ደግሞ ኃይሉ ሲቀየር መጠኑ ብቻ ሳይሆን የድምፁ ጠባይም ስለሚቀየር ቮልዩም በመጨመርና በመቀነስ አይተካም።

አሁን ብዙዎች ሥራቸውን ወደሚያበላሹበት ወደ ኳንታይዝ እንምጣ። ኳንታይዝ ከቦታው የተንሸራተተውን ኖታ በአቅራቢያው ወዳለው መስመር ይስበዋል። መስመሮቹን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ መሣሪያው ችክችካን አያውቅም። ችክችካ 6/8 ነው፤ በእያንዳንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት እኩል ክፍሎች አሉ። ብዙ ሰው ግን ሜትሮኖሙን በ4/4 እንዳለ ትቶ ይቀዳል። መሣሪያው አንዱን ምት ቲክ በሚባሉ 480 ጥቃቅን ክፍሎች ቢከፍለው ሦስቱ ኖታዎች 0፣ 160 እና 320 ላይ ይወድቃሉ። መስመሩን አንድ ስምንተኛ ካደረጋችሁት ያሉት ቦታዎች 0 እና 240 ብቻ ናቸው። 160ውም 320ውም ከሌላው ይልቅ ለ240 ይቀርባሉና ሁለቱም እዚያው ላይ ይደራረባሉ፤ ከሦስቱ ምት ሁለት ይሰማል። አንድ አሥራ ስድስተኛ ብታደርጉት 160 ወደ 120፣ 320 ወደ 360 ይሸሻል፤ ሦስቱም ይኖራሉ፣ እኩልነታቸው ግን ይጠፋል፤ ችክችካው ያነክሳል። ትክክለኛው ምርጫ ምቱን በሦስት እኩል የሚከፍለው ስምንተኛ ትሪፕሌት ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከመቅዳት በፊት 6/8 ማድረግ ነው። መሣሪያችሁ የኳንታይዝ ጥንካሬ በመቶኛ የሚሰጥ ከሆነ ከግማሽ ጀምሩ፤ ኖታው ወደ መስመሩ ይጠጋል እንጂ አይቸነከርም።

ኖታ ያልሆኑ ኢቨንቶችም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ተማሪ ደግሞ ኖታ ብቻ ነው የሚያየው። የሰስቴይን ፔዳል መቆጣጠሪያ ቁጥር 64 ነው፤ ዋጋው 64ና ከዚያ በላይ ሲሆን ተረግጧል፣ 63ና ከዚያ በታች ሲሆን ተለቅቋል። አንድ ባር ስትቆርጡ የፔዳሉ መልቀቂያ አብሮ ከተቆረጠ መርገጫው ብቻውን ይቀርና ድምፆቹ እርስ በርስ እየተነካኩ ይጨማለቃሉ። ኖታዎቹን ደጋግማችሁ ብትመረምሩ ጥፋት አታገኙም፤ ጥፋቱ እነሱ ጋ የለምና። መልቀቂያው የነበረበት ቦታ ላይ ቁጥር 64ን በዋጋ 0 አስገቡ። ፒች ቤንድም እንዲሁ ነው፤ ወደ መሐሉ ሳይመለስ ከተቆረጠ ከዚያ በኋላ በዚያ ቻናል ያለው ዜማ ሁሉ ከድምፁ ወጥቶ ይሄዳል።

የዘፋኙ ድምፅ ዝቅ ወዳሉት ኖታዎች አልወርድ ብሎ ሙዚቃውን በሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ በኖታዎቹ ቁጥር ሁሉ ላይ 2 መደመር ነው። ቻናል 10 ግን አይነካ። በጄኔራል ሚዲ ሥርዓት ያ ቻናል የከበሮ ነው፤ ቁጥሩም የሚያመለክተው የድምፅ ከፍታን ሳይሆን የትኛው ከበሮ እንደሚመታ ነው። 36 ቤዝ ድራም ነው፣ 38 ስኔር። ቻናል 10ን ሳታወጡ 2 ከደመራችሁ ቤዝ ድራሙ በገባበት ሁሉ ስኔር ይመታል፤ 42 የነበረው የተዘጋ ሃይሃትም 44 ሆኖ በእግር የሚዘጋው ሃይሃት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ምረጡ፣ ከዚያ ደምሩ፣ ውጤቱንም በሌላ ስም አስቀምጡት፤ ዘፋኙ ነገ ወደ ቀድሞው ድምፅ እንመለስ ሊል ይችላል።