ራስፑቲንና የተደበቀው ሕመም

በአርሲ ምድር የፈረቀሳን ስም ያልሰማ ጥቂት ነው። መድኃኒት የታጣለትን ልጇን አዝላ ወደዚያ የተጓዘች እናት ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን ነበረች። ስለዚህ የሩስያውን «ባሕታዊ» የራስፑቲንን ታሪክ ከአንዲት እናት ብንጀምረው ለእኛ ለጮሌ ልጆች ይቀለናል።

እናቲቱ እቴጌ አሌክሳንድራ ናቸው። ባለቤታቸው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ነበሩ (ሩስያውያን «ዛር» ይሏቸዋል፤ ከእኛው ዛር ጋር ዝምድና የለውም)። በ1896 ዓ.ም. የተወለደው አልጋ ወራሽ አሌክሲ ደሙ የማይረጋ ሆነና ትንሽ ግጭት እንኳ ለሞት ታሰጋው ነበር። ግሪጎሪ ራስፑቲን ደግሞ ቄስም መነኵሴም ያልሆነ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት የሳይቤርያ ገበሬ ነው። ከነገሥታቱ ጋር የተዋወቀው በ1898 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 1905 ዓ.ም. አሌክሲ በስፓላ ሊሞት ተቃርቦ ሳለ፣ ራስፑቲን ልጁ እንደማይሞት ከሩቅ አገሩ በቴሌግራም አስታወቀ፤ ልጁም ተረፈ። እንዴት እንደ ተረፈ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እናቲቱ ግን ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበራቸውም።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ጥፋት ሌላ ነው። የልጁ በሽታ ምንነት ከሕዝብ ተደበቀ። ሕዝቡም ምክንያቱን ስላላወቀ፣ በስካርና በሴት የሚታማ ሰው ከእቴጌይቱ ዘንድ ምን ይሠራል እያለ የከፋውን ገመተ። በእኛም አገር የዳግማዊ ምኒልክ ሞት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ለሕዝብ ሳይነገር መቆየቱን እናስታውስ። በሩስያ የተናገረም አልተሰማም፤ ጳጳሱ ሔርሞጌን ራስፑቲንን ፊት ለፊት በመገሠጻቸው ወደ ሩቅ ገዳም ተላኩ።

በ1907 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ሊመሩ ሲሄዱ እቴጌይቱ ከመንግሥቱ ሥራ ጋር ቀሩ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ 4 ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራረቁ። ሹመት ፈላጊም የራስፑቲንን ደጅ ይጠና ጀመር (ደጅ ጥናትስ ለእኛም እንግዳ አይደለም!)።

ታኅሣሥ 21 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ እዚህ የሰገሌ ጦርነት ከተደረገ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ ልዑል ዩሱፖቭና ግብረ አበሮቹ ዙፋኑን እናድናለን ብለው ራስፑቲንን ገደሉት። ኒኮላስ ግን መጋቢት 6 ቀን ዙፋናቸውን ለቀቁ። በሐምሌ 1910 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ በሙሉ በየካተሪንበርግ ተገደለ። በዚያች ሌሊት አሌክሲ መራመድ አይችልም ነበርና፣ ወደ ምድር ቤቱ ያወረዱት አባቱ ተሸክመውት ነው።